ፎርሙ ላይ እውነቱን እንሙላ፦ ዱባይና ሻርጃ ላላችሁ ወላጆች፣ ለኮሚኒቲያችንና ለቆንስላችን የተፃፈ ግልፅ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቼም አሰላሙ አለይኩም።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ፣ ዴራ አካባቢ አንድ የካርጎ ቢሮ የምሰራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ደብዳቤ መፃፍ የለመድኩት እቃው ለዘገየበት ደንበኛ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቢረዝምም ቢዘባረቅም ታገሱኝ። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ኢየር 5 ነው፣ ትንሿ ኢየር 1፣ እንግሊዞቹ ክፍልን ኢየር ነው የሚሉት። ሁለቱም የእንግሊዝ ካሪኩለም የሚያስተምር፣ ስሙ ላይ ኢንተርናሽናል የሚል ያለበት አንድ ት/ቤት ነው የሚማሩት። የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ልከሰው አይደለም የመጣሁት፣ ከማወራላችሁ ጥፋት ውስጥ ደግሞ ትልቁ የራሴ ነው።

የማወራው ስለ ፎርም ነው። አዎ፣ ልጅ ስናስመዘግብ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድመን በሞባይል ጠቅ ጠቅ አርገን የምንልከው ፎርም። ልጆቻችን በየቀኑ ክላስ ውስጥ፣ ባስ ውስጥ፣ ምሳ ሰአት ላይ የሚገጥማቸው ነገር ብዙው ከዛች ፎርም ነው የሚጀምረው፣ እኔ ይሄን ለማወቅ 4 አመት ፈጅቶብኛል።

በ2021 ከአዲስ አበባ ስንመጣ ልጄ ዩኬጂ ጨርሶ ነበር። ሀገር ቤት ቢሆን አንደኛ ክፍል ነበር የሚገባው፣ እዚህ ግን የእድሜው ቆጠራ ኦገስት 31 ላይ ነበር የሚዘጋው፣ የኔ ልጅ ደሞ የጳጉሜ ልጅ ነው፣ ጳጉሜ 3፣ በነሱ ሴፕቴምበር 8፣ በ8 ቀን ተበልቶ ኢየር 1 ገባ። እናቴ እስከዛሬ ስትደውል "ስንተኛ ክፍል ደረሰ?" ትለኛለች፣ ኢየር 5 ስላት "እሰይ አምስተኛ!" ብላ ለሰፈሩ ታወራለች፣ ኢየር 5 ማለት በግሬድ ሲቆጠር ግሬድ 4 ነው ብዬ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ፣ ደስ ይበላት።

ወደ ፎርሙ ልመለስ። "ፈርስት ላንጉዌጅ" የሚል ቦታ አለ። ባለቤቴ ናይት ሺፍት ነበር፣ ግራ ሲገባኝ ከኛ ቀድማ ልጅ ያስገባች አንዲት የማውቃት ልጅ ጋ ደወልኩ። "ውይ አማርኛ እንዳትይ! ኢኤኤል ምናምን ብለው ክፍያ ይቆልሉብሻል፣ ወይ ቦታ ሞልቷል ይሉሻል፣ ኢንግሊሽ በይና እለፊ" አለችኝ። ኢኤኤል የሚሉት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠው ድጋፍ ነው፣ አንዳንዱ ት/ቤት በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። እኔም ኢንግሊሽ ብዬ አለፍኩ። ውሸት ሁሉ አልመሰለኝም፣ ልጁ አዲስ አበባ ከለሩን፣ ፍራፍሬውን፣ እስከ መቶ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ያንበለብለው የለ?

ከዛ ልጁ ዝም አለ።

ቤት አይደለም፣ ቤትማ ጫማውን ሳያወልቅ ነው ወሬ የሚጀምረው፣ እዛ ነው ዝም ያለው። ገና የኮሮና ጊዜ ስለነበር ቲቸሯ ማስክ አርጋ ነበር የምታስተምረው፣ ድምፅ ይሰማል እንጂ አፏ ሲንቀሳቀስ አያይም፣ እሷ ደሞ የስኮትላንድ ሰው ናት፣ እንኳን ለሱ ለኔም አነጋገሯ ይከብደኝ ነበር። እኔ ግን ይሄን ሁሉ የት አውቄ። የማየው ኮዳው ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ መመለሱን ነው፣ በዛ በሴፕቴምበር ሙቀት! ለምን አትጠጣም ስለው ትከሻውን ይሰብቃል። አንድ ማታ ገላውን እያጠብኩት ነው ያወጣው፣ "ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል፣ ከመጣ ደሞ መጠየቅ አለብኝ" አለኝ። ውሃው እየፈሰሰ ደርቄ ቀረሁ።

ኖቬምበር ላይ የወላጅ ስብሰባ ሆነ፣ በዙም ነው። ቲቸሯ በጣም እየተጠነቀቀች ነው ያወራችው፣ የአፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ የ6 አመት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል ካልወጣው ያሳስባል፣ ስፒች ቴራፒስት፣ የንግግር ባለሙያ ማለት ነው፣ ይየው አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? እሺ አልኩ። እዛው ላይ ቆይ እስቲ ፎርሙን ተሳስቼ ነው የሞላሁት ማለት እየቻልኩ አፈርኩ፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የሳምንት አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ ከፍለን ቴራፒስት ጋ ሄድን። ሊባኖሳዊት ናት፣ ስእሎች ዘረጋችለት፣ በእንግሊዝኛ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ጠረጴዛውን ያያል፣ እሷ ትፅፋለች። ከዛ ወደኔ ዞረችና ቤት ውስጥ በምንድነው የምታወሩት አለችኝ። በአማርኛ አልኳት። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስቲ በአማርኛ ጠይቂው አለችኝ፣ አንዱን ስእል አንስቼ ይሄ ምንድነው ስለው ልጁ ተፈታ፣ "አህያ ነዋ፣ አያቴ ሰፈር እንዳለው አህያ፣ ግን ይሄ ጭነት የለውም፣ ጭነቱ የታለ? ጠፍቶበት ነው?" እያለ ማቆሚያ አጣ። ሴትየዋ አንድ ቃል ሳይገባት ትስቃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ልጅሽ ምንም አልሆነም፣ አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ዝም ብሎ ሲሰማ መክረሙ ያለ ነገር ነው፣ ግን ት/ቤቱ ይሄን እንዴት አላወቀም አለችኝ። እንዴት ይወቅ፣ እኔ ኢንግሊሽ ብዬዋለሁ።

ማታውኑ ለቲቸሯ ፃፍኩላት፣ ሁሉንም። አልተቆጣችም እኮ! አስር የአማርኛ ቃላት እንዴት እንደሚነበቡ ፅፈሽ ላኪልኝ አለች፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ እማዬ ትመጣለች ምናምን እያልኩ ላኩላት፣ ለሽንት ቤት ደሞ ሳያወራ የሚያነሳት ትንሽ የስእል ካርድ ሰራችለት። ከሁሉ የያዘላት ግን ጎበዝ የምትለዋ ቃል ናት፣ "ጎ-ቤዝ" ነው የምትለው፣ ክላሱ ሁሉ ያዘው፣ ፊሊፒኖው፣ ህንዱ፣ ሩሲያዊው ኳስ ሜዳ ላይ ጎል ሲገባ ጎቤዝ! ጎቤዝ! ይላል። ኮዳው ባዶ ሆኖ መምጣት ጀመረ። ጃንዋሪ ላይ ልጁ አፉን ፈታ፣ ዛሬማ እባክህ ዝም በል ነው የምለው። ያ የፈራሁት ኢኤኤል ደሞ እኛ ት/ቤት ለካ በነፃ ነበር።

እና ስንቶቻችን ነን እዛች ቦታ ላይ ኢንግሊሽ ብለን የሞላነው? ባለፈው አንድ ክርስትና ላይ ይሄን ሳነሳ ከአምስት እናቶች አራቱ መሬት መሬት አዩ። ትንሿ ልጄ እዚህ ስላደገች እንግሊዝኛው ይቀድማታል፣ እሷን ሳስመዘግብ ግን ሁለቱንም ፃፍኩ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ምንም የጨመሩብኝ ነገር የለም። ማታ ማታ ወላጅ የሚፈርምበት የንባብ ደብተር አለ አይደል፣ የአማርኛ መፅሀፍ ካነበብኩላት መመዝገብ እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ በማንኛውም ቋንቋ ይቻላል አሉኝ፣ ደብተሯ ላይ ማክሰኞና ሀሙስ አማርኛ ነው የተመዘገበው።

ስም ላይ ደሞ እንምጣ። ፎርሙ ፈርስት ኔም ላስት ኔም ይላል፣ እኛ ላስት ኔም የለንም፣ የልጁ ስም አለ፣ የአባቱ ስም አለ፣ የአያቱ ስም አለ፣ በቃ። ሲስተሙ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ያዘና ቤተሰቡን በሙሉ በአማቴ ስም ጠቀለለው። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ስማቸው በወልደ ነው የሚጀምረው፣ ለባለቤቴ "ዲር ሚስተር ወልደ እንትና" የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ ለኔ "ዲር ሚሲስ ወልደ እንትና"። አስቡት እንግዲህ፣ የአማቴ ሚስት አረጉኝ። ባለቤቴ "እማዬ እንዳትሰማ" እያለ ሲስቅ ነው የከረመው። የልጄ ሎከር ላይ፣ የዩኒፎርሙ ኮሌታ ላይ፣ የስፖርት ቀን ሰርተፊኬቱ ላይ አያቱ ናቸው ያሉት፣ አባቱ የትም የለም።

ሳቁ የቆመው ትንሿን ትኩሳት ይዟት የት/ቤቱ ክሊኒክ የተኛች ቀን ነው። ነርሷ ደወለችልኝ፣ ከቢሮ በታክሲ ከነፍኩ፣ በር ላይ አዲስ ጥበቃ ነው ያለው፣ የልጅቷ ስም ወልደ እንትና ነው ያንቺ አይዲ ሌላ ነው አለኝ። እናቷ ነኝ እለዋለሁ፣ የሴት ልጅ ስም ብታገባም አይቀየርም እለዋለሁ፣ ፎቶ አሳየዋለሁ፣ እሱ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ነው፣ የታዘዘውን ነው የሚሰራው። ሪሴፕሽን ስልክ አይነሳም። ልጄ 39 አተኩሷት ውስጥ ተኝታ እኔ 40 ደቂቃ ውጪ ፀሀይ ላይ ቆሜያለሁ። ያን ቀን የተናገርኩትን አልደግመውም፣ አንዳንዱን በአማርኛ ነበር ያልኩት፣ እግዜር ይመስገን።

ሲበርድልኝ ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። የምትሰራዋ ሴትዮ የታሚል ናዱ ሰው ናት፣ ከህንድ ደቡብ። ወረቀት ላይ ሶስት ክብ ስዬ ይሄ እሱ ነው፣ ይሄ አባቱ፣ ይሄ አያቱ፣ እኔ ደሞ እዚህ የለሁም፣ እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ ስላት ገና ሳልጨርስ "እኛም እንደዛ ነን!" አለችኝ፣ እነሱም ለካ የቤተሰብ ስም የላቸውም፣ የአባታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው ከስማቸው ጋር የሚያስገቡት፣ እዚህ ሀገር ስትመጣ እሷም ባንክ ሄዳ በአባቷ ስም ሲጠሯት ነው የዋለችው። በ5 ደቂቃ ውስጥ አስተካከለችው፣ እናት ብሎ የኔን ሙሉ ስም፣ መውሰድ ከሚችሉት ውስጥ አስገባችልኝ፣ ከጎኑ ላይ ማስታወሻ ፃፈችበት። አራት አመት ሙሉ 5 ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር ማለት ነው።

የሰአቱን ታሪክ ካልነገርኳችሁ ደሞ ያመኛል። ኢየር 2 እያለ ሰአት ማንበብ ተማሩ፣ ሆምወርኩ "የኔ ቀን" የሚል ነው፣ ባዶ ሰአቶች ተስለዋል፣ ልጁ ቆጣሪውን ይስልባቸዋል። ብቻውን ሰርቶ ላከው፣ እኔ ኩሽና ነበርኩ። 12 ሰአት ተነሳሁ፣ 12:40 ባስ መጣ፣ 9 ሰአት ቤት ገባሁ፣ 2 ሰአት ተኛሁ። ቤት የሚሰማው ይሄን ነዋ! "ተነስ 12 ሰአት ሆነ፣ ናኒዋ ጥላህ እንዳትሄድ" ነው የምለው፣ የባሷን ናኒ ማለቴ ነው። በማግስቱ ኢሜይል መጣ፣ ልጅዎ ሌሊት 2 ሰአት ተኝቶ እኩለ ቀን ላይ እንደሚነሳ ፅፏል፣ ስለ እንቅልፉ ልናነጋግርዎ እንፈልጋለን ይላል። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሄጄ አስረዳኋቸው፣ እኛ ጋ ቀን የሚቆጠረው ፀሀይ ስትወጣ ነው፣ ከወጣች ከአንድ ሰአት በኋላ አንድ ሰአት ይባላል፣ እናንተ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስታችሁ ትቆጥራላችሁ ማንም በማያይበት፣ ብዬ ትንሽም ጎረርኩባቸው። ቲቸሩ ደስ አለውና ልጁ ለክላሱ እንዲያስረዳ አረገው፣ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰአት ስሎ ሲያስረዳ አንዲት የታንዛኒያ ልጅ "እኛም!" ብላ ተነሳች፣ ለካ በስዋሂሊም እንደኛ ነው የሚቆጠረው። ቤት መጥቶ "ማሚ ብቻችንን አይደለንም" አለኝ፣ ያቺን ቀን አልረሳትም።

ምሳ እቃ ላይ ረጅም ነገር ማለት እችል ነበር ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንጀራ ይዞ የሄደ ልጅ ያው ይታያል፣ የኔ ልጅ አጠገቡ የሚቀመጠው የቼናይ ልጅ "ዶሳ ነው፣ ግን ኮምጣጣ" ብሎ ስለፈረደ ተረፈ። የከበደኝ ፆሙ ነው። አምና በ2025 አብይ ፆምና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ፣ ዘንድሮም ተከታትለው ነው የሚገቡት። ረመዳን ላይ ት/ቤቱ ሁሉን ያውቃል፣ ሰአቱ ያጥራል፣ የሚፆሙት ልጆች የሚቀመጡበት ክፍል ይዘጋጃል፣ ለሙስሊም ልጆቻችን በእውነት ደስ ይላል። የኔው ደሞ ጓደኞቹ ሲፆሙ አይቶ እኔም እፆማለሁ አለ፣ እሺ አልኩ። የክላስ ፓርቲ ላይ ፒዛ መጣ፣ አልበላም፣ ፆም ነኝ አለ፣ ከዛ ውሃውን አንስቶ ጠጣ። ቲቸሯ ግራ ገባት። ሙስሊም ነህ? አይደለሁም። ታዲያ? ፆም ነኝ። ውሃ ጠጣህ እኮ? ውሃ አይፈስክም። አይብ እንጂ። የ9 አመት ልጅ ይሄን በእንግሊዝኛ እንዴት ያስረዳ፣ በመጨረሻ ሆዱን አሞት ይሆናል ብለው ክሊኒክ ላኩት።

ለፆም ልጅ በጣም የሚቀለው ዳቦ በለውዝ ቅቤ ነበር፣ እሱ ደሞ ክልክል ነው፣ አለርጂ ያለባቸው ልጆች አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ይሄ ላይ አልከራከርም፣ የሰው ልጅ ነፍስ ነው። ቆሎም ስትልኩ ለውዝ ያልነካው ይሁን። እኔ የደረስኩበት፣ ፓስታ በስጎ ትኩስ በሚይዝ እቃ፣ ሽሮ ወፈር ብላ በእንጀራ የተጠቀለለች፣ ድንች በካሮት፣ ሁሙስ የሚሉት የአረቦቹ የሽምብራ ማባያ ከዳቦ ጋር። ፍርፍር ግን አትላኩ፣ ነጩ ሸሚዝ ላይ የሚያረገውን አይቻለሁ።

በአል። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ት/ቤቱ ከክረምት እረፍት የሚመለሰው ደሞ ልክ በዛ ሰሞን፣ ልጁ ሳምንታት ቤት ተቀምጦ የኛ በአል ሲደርስ ክላስ ይገባል። እኛ ምን እናረጋለን? አሞታል ብለን እንፅፋለን። በየአመቱ ጃንዋሪ 7 ላይ የሚታመሙ የኢትዮጵያ ልጆች! እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጉንፋን አስይዤዋለሁ። አንዲት ግብፃዊት እናት አለች፣ ኮፕት ናት፣ ገናቸው እንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው፣ እሷ ዲሴምበር ላይ ሁለት መስመር ኢሜይል ትልካለች፣ በአላችን ነው ልጄ አይመጣም ትላለች፣ በፈቃድ የቀረ ተብሎ ይመዘገብለታል። የኔው ደሞ በሪፖርቱ ላይ በሽተኛ ነው የሚመስለው። ዘንድሮ እኔም ሁለት መስመሬን ላኩ፣ "መልካም ገና፣ በደስታ አሳልፉ" የሚል መልስ መጣልኝ፣ በቃ ይሄው ነው። ከሩሲያ የመጡትም አብዛኞቹ በዛው ቀን ነው የሚያከብሩት፣ አንድ ላይ ብንጠይቅ ደሞ ት/ቤቶቹም ፈተና አያረጉበትም ነበር።

ስለ አረብኛው አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፣ ብዙ ወላጅ ሲማረርበት እሰማለሁ። እስከ ኢየር 10 አረብ ላልሆነም ልጅ ግዴታ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው የምትሉ አላችሁ። እኔ ግን ልጄን ካየሁ በኋላ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ቤትን በይት፣ ስምን ኢስም፣ ራስን ረእስ፣ አይንን አይን እያሉ ሲያስተምሩት አንድ ቀን ተናዶ መጣ፣ "ማሚ አረብኛ አማርኛን ኮርጇል!" አለኝ። የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው አልኩት። ክላሱ ውስጥ ካሉት አረብ ካልሆኑት ልጆች ዛሬ አንደኛ እሱ ነው፣ ይሄን ያመጣለት አማርኛው ነው፣ ያ እኔ ፎርም ላይ የደበቅኩት።

ኢንተርናሽናል ዴይ ላይማ ማን ይችለናል። የሀበሻ ቀሚሱ፣ ባንዲራው፣ ጀበናው (ከሰል ክልክል ነው፣ እጣንም፣ የጭስ አላርሙ ይጮሀል፣ አምና በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያፈላሁት)፣ ፈንዲሻው ከሁሉ ጠረጴዛ ቀድሞ ነው የሚያልቀው፣ ዳይሬክተሯ መጥታ አብራን ፎቶ ትነሳለች። በነጋታው ልጁ ወደ ሎከሩ ሲመለስ እዛ ላይ ያለው የአያቱ ስም ነው። አንድ ቀን እናደምቃለን፣ የቀረውን ቀን ዝም እንላለን። ት/ቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ማንም ስላልነገረው ነው፣ ከስንት አገር የመጣ ልጅ ይዞ የያንዳንዱን ቤት ጉዳይ አልሞ አያውቅም። የዱባይ የግል ት/ቤቶችን የሚቆጣጠረው ኬኤችዲኤ እንኳ ኢንስፔክሽን ሲመጣ ወላጅ የሚጠይቅ መጠይቅ ይልክ ነበር፣ የሞላችሁ አላችሁ? እኔ የመጀመሪያ ሶስቱን አመት ዴሊት ነው ያረግኩት።

አሁን የምጠይቃችሁን ልናገር።

ወላጆች፣ ለሚመጣው አመት የድጋሚ ምዝገባ ፎርም በዚህ ሰሞን እየተላከ ነው። ስትሞሉት ቋንቋ የሚለው ላይ ቤታችሁ የሚወራውን ፃፉ፣ አማርኛ ከሆነ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ከሆነ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሁለት ከሆነ ሁለት። ኢኤኤል ያስከፍል እንደሆነ ከመገመት ጠይቁ፣ የሚያስከፍል ከሆነም ምን ያህል ሰአት ለስንት ተርም ብላችሁ ተደራደሩ፣ ከስፒች ቴራፒስት ይረክሳል እመኑኝ። ልጅ የሚወስዱ ሰዎች ዝርዝር ላይ እናት በራሷ ሙሉ ስም መኖሯን ነገ ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ይሄ ለነገ የማይባል ነው፣ ትኩሳት ቀጠሮ አይዝም።

የኮሚኒቲያችን ኮሚቴ፣ እኔ አንድ ገፅ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ ስለ ስማችን፣ ስለ ሰአትና ቀን አቆጣጠራችን፣ ስለ ፆሙ፣ ስለ በአላቱ ባጭሩ የሚያስረዳ፣ አንድ ቲቸር ሻይ እየጠጣ የሚያነበው ነገር። እንግሊዝኛዬ የካርጎ እንግሊዝኛ ነው፣ የሚያቃና ሰው ስጡኝ፣ ወደ አረብኛ የሚመልስም ከመካከላችን አይጠፋም። የሙስሊሞቹን ክፍል እኔ ልፅፈው አይገባም፣ እናንተ ፃፉት፣ ሴት ልጆቻችሁ ስፖርት ላይ፣ ዋና ላይ ምን እንደሚገጥማቸው ከኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እንቁጣጣሽ የምትውለው ት/ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ሳምንት ስለሆነ እስከዛ ቢደርስ አዲስ ቲቸር ሁሉ አመቱን ሲጀምር እጁ ላይ ይገባል።

ቆንስላችን ደሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው። "ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የላቸውም፣ ከልጁ ስም ቀጥሎ ያለው የአባቱ፣ ቀጥሎ ያለው የአያቱ ነው፣ እናት በጋብቻ ስሟን አትቀይርም" የሚል አንድ አንቀፅ በእንግሊዝኛና በአረብኛ፣ ማህተም ያለበት። አንድ ጊዜ ተፅፎ ለሁላችንም የሚያገለግል ነው፣ ኮፒውን እኛው እናወጣዋለን። የኔ ሶስት ክብ የታሚል ሴትዮ ስለገጠመችኝ ሰራ፣ ለሌላዋ እናት ማን እንደሚገጥማት አይታወቅም፣ በር ላይ ያለ ጥበቃ ደሞ ማህተም ይገባዋል።

አርብ ት/ቤት በግማሽ ቀን ስለሚለቀቅ (ሻርጃ ያላችሁማ አርብንም ታርፋላችሁ፣ ታድላችሁ) ከሰአት በኋላ ረቂቁን ይዤ የምትጠሩኝ ቦታ እመጣለሁ፣ ልጆቹንም ይዣቸው ነው የምመጣው፣ ትልቁ የሰአቱን ክፍል እኔ ነኝ የምፅፈው ብሎ ወረቀቱን ነጥቆኛል። አሁን ልነሳ፣ 9 ሰአት ሊሆን ነው፣ በነሱ 3፣ ባሱ ደርሷል፣ ናኒዋ እየደወለች ነው።